ከበራችን በላይ ያለው ድንጋይ

መቐለ፣ ሓድነት
ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ አብዱልወዱድ፣

ያን በግ ያረድኩት እኔ ነኝ።

ሰላምታ ሳላስቀድም እንዲህ መጀመሬን ይቅር በለኝ። ሰላምታ ካስቀደምኩ የአንተን ጤና፣ የጁዋይሪያንና የልጆቹን ጠይቄ፣ ስለ ዝናቡ አውርቼ ወረቀቱ እንደሚያልቅብኝ ዐውቃለሁ። እንዲሁ እያደረግኩ አራት ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ልጄ ትምኒት ስልክህን ከሰው አፈላልጋ ሰጥታኝ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ «ሃሎ» ስትል ድምፅህን ሰምቼ ዘግቻለሁ። ያ የሚደውልና የማይናገር ሰው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ዛሬ ከላይኛው መስመር ላይ አስቀመጥኩት፤ ሌላው ሁሉ ከሱ በታች ይምጣ። ሚያዝያ 2007፣ ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ አንተ መቐለ ሳለህ ለጨው ነጋዴዎቹ የቀረበው በግ በእኔ ቢላ፣ በእኔ እጅ ነው የታረደው። «የአብዱልወዱድ እጅ ነው» ብዬ አበላኋቸው። አንተንም ዋሸሁህ፤ አንተም በእኔ ቃል ላይ ቆመህ ማልክ።

አሁን ሰላም ልበልህ። ሰላም ለአንተ ይሁን ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ለጁዋይሪያም፣ ያን ሰሞን ለተወለደችው ለረምላም። ይህ የለቅሶ ደብዳቤ እንዳይመስልህ። ቤታችን ተከፍቷል። ጎልጎል ንፋስ ላይ ሁለቱም ምድጃ ይነዳል። የምጽፍልህ በደስታ ነው፤ ግን ደስታው የመጣበትን መንገድ ትቼ ደስታውን ብቻ ብልክልህ ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እነሣለሁ። የምታውቀውንም ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ ልጆችህ ሲያነቡት እንዲገባቸው።

በ1989 የመንገድ ሥራው ካምፕ ሜዳው ላይ ሲሰፍር እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ የመጋዘን ጠባቂ ነበርኩ፤ አንተ ከወሎ፣ ከሐርቡ የመጣህ ግንበኛ። አንተ ትግርኛውን ከአሸዋ ተሸካሚዎቹ ስትለቅም እኔ አማርኛዬን በመጋዘኑ መዝገብ ላይ ሳቃና ተገናኘን። ጎልጎል ንፋስን ላላየው ሰው እንዴት ብዬ ልንገረው? ከመቐለ ወደ ምሥራቅ የአንድ ቀን ተኩል የግመል መንገድ ነው። ዛፍ የሚባል የለውም፤ ጓሳና ቁመቷ ከጉልበት የማያልፍ አስታ፣ ከዚያ ጉም፣ ከጉሙ ጋር ንፋስ። ከቆላ ጨው ጭኖ የሚወጣ ሰው ላቡ ሳይደርቅ እዚያ ይደርስና ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ካምፑ ሲነሣ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ተረፈ። ወረዳው መንገደኛ እንድናሳድርበት ፈቀደልን። የአካባቢው ልጅ እኔ ነኝና ፈቃዱ በእኔ ስም ወጣ። ግንቡን ግን የቀጠልከው አንተ ነህ። መሐል ላይ ሃያ ሰው የሚያስተኛ አንድ አዳራሽ፣ በቀኝ አንድ ማድቤት፣ በግራ አንድ ማድቤት።

የቤቱን ሕግ ያወጡት ሚስቶቻችን ናቸው። ወንዶቹ ግድግዳውን ይሥሩ፣ ድስቱን ለእኛ ይተዉ ብላ ኣስካል ተናገረች፤ ጁዋይሪያም ሳቀችና ድስቶቹን ለሁለት ከፈለቻቸው። በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አልጋ መኖሩን አልነበረም፤ ማን እንዳረደው ነበር። ክርስቲያኑ የሙስሊም እጅ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን እጅ ያረደውን በአፉ አያዞርም። ስለዚህ ከጓሮ ሁለት ማረጃ ድንጋይ ተቀመጠ፤ የቀኙ የእኛ፣ የግራው የእናንተ። ሁለት ቢላ፤ የአንተው እጀታ ላይ ጁዋይሪያ አረንጓዴ ክር ጠመጠመችበት። የግራው ምድጃ ዋስ አንተ፣ የቀኙ ዋስ እኔ። አዳራሹ ግን አንድ ነው፤ ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው በየሃይማኖቱ ይመርቀዋል። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ቤት መኖሩን አላውቅም። ቢኖርም ያን ያህል አይበርድም።

ከዋናው በር በላይ ያለውን ጉበን የጠረብከው አንተ ነህ። አንድ ሳምንት ሙሉ ጠርበህ፣ መሐሉን በአሸዋ አሽተህ አለሰለስከውና «ኣስሜ፣ እዚህ ላይ ስም ይጻፍበት፤ ምን እንበለው?» አልከኝ። እኔም «ቆይ፣ እናስብበት» አልኩህ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ቆይ እንዳልኩህ ልብ ብለሃል? በየዓመቱ ጥምቀት ሲደርስ ትጠይቀኝ ነበር። ፊደሉን የማውቀው እኔ፣ መሮውን የምታውቀው አንተ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ለምን ቆይ እንዳልኩህ ከታች እነግርሃለሁ፤ ከበጉ ይልቅ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ያን ቤት እንዴት እንደኖርንበት ሳስብ አሁንም ብቻዬን እስቃለሁ። ሙሽራ ጭነው ጉም የያዛቸው ሰርገኞች ትዝ ይሉሃል? ሙሽሪት ሦስት ቀን እኛ ዘንድ ቆይታ፣ ሚዜዎቹ የአዳራሹን ወለል በጭፈራ ሰነጣጥቀው፣ በአራተኛው ቀን ጉሙ ሲገለጥ የሙሽራው ቤት ለካ ከማዶ ይታይ ነበር። በ2003 ፍልሰታና ረመዳን ገጥመው ቤቱ ሁለት ጾም የያዘበትን ነሐሴም አልረሳውም። እኩለ ቀን ላይ ሁለቱም ማድቤት ጭስ አጥቶ ኣስካልና ጁዋይሪያ ሥራ ፈትተው አንድ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብለው ሲተማሙ ስታይ፣ «አሁን ገና ሁለቱን በአንድ ቤት አየኋቸው» አልክ። ትምኒት የተወለደችው እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ በጁዋይሪያ እጅ ነው። አሁን ሓድነት ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ ተማሪ ሲረብሻት የምትቆጣው በወሎኛ ነው አሉ።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜዋ ልምጣ። ጁዋይሪያ ረምላን ለመውለድ ስትደርስ አንተ ወደ መቐለ ይዘሃት ወረድክ፤ ኣስካልም አብራችሁ ሄደች። ሐሙስ ጠዋት ከመሄድህ በፊት በግ አርደህ አንድ ጭን ሰቅለህልኝ ነበር። ያን ጭን ዐርብ ዕለት ሁለት ሙስሊም አስተማሪዎች ከነባልደረቦቻቸው መጥተው ጨረሱት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ፣ ሜዳው ነጭ ሆነ። ከዚያ በረዶ ውስጥ ሐጂ አብዱልጀሊል ከአሥራ አራት የጨው ነጋዴዎች ጋር ብቅ አሉ። ጢማቸው ላይ በረዶ ተንጠልጥሏል። ገና ከበሩ ሳይደርሱ «እነ አብዱልወዱድ ቤት!» ብለው ተጣሩ። አንተ መቐለ መሆንህን ነገርኳቸው። ልብሳቸውን እየጨመቁ ሳቁና «እንግዲያውስ ቤቱ ባዶ ነው በለኛ» አሉ።

ቀልድ ነው። እሳቸው ምን ጊዜም ይቀልዳሉ። እኔን ግን እንደ ሚስማር ገባችብኝ። ፈቃዱ በእኔ ስም ነው፣ ምድሩ የአባቶቼ ነው፣ አሥራ ስምንት ዓመት ያን በር ከፍቼ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ሰው ሁሉ ግን፣ ክርስቲያኑም ጭምር፣ «እነ አብዱልወዱድ ቤት» ነበር የሚለው። ጉበኑን ቆይ ያልኩህ ለዚህ ነው። የምንጽፈው ምን እንደሆነ ዐውቅ ስለነበር። ሰው ሁሉ የሚጠራው ስም አንድ ነበር፤ እኔ እንዲቀረጽ አልፈለግሁም።

ሽሮ ነበረኝ። ሙሉ ጋን ሽሮ፣ በርበሬውም ዘይቱም። ሥጋ የለም፣ አራጁ የለም ብዬ ትኩስ ሽሮ ባቀርብላቸው እጄን ስመው ይበሉ ነበር። እኔ ግን አንተ ባትኖርም ቤቱ እንደማይጎድል ላሳያቸው ፈለግሁ። ከጓሮ ገብቼ በቀኙ ድንጋይ ላይ፣ «በስመ አብ» ብዬ አረድኩ። በግራው ድስት ሠራሁት። ሐጂ ገና ወጡን ሳይነኩ ማን እንዳረደው ጠየቁኝ። አብዱልወዱድ ከመሄዱ በፊት አርዶ የተወልን ነው አልኳቸው። ያን ቃል ስናገር አንድ ነገር አልገባኝም ነበር፤ አሁን ነው የገባኝ። አንተ እንደማታስፈልገኝ ለማሳየት በአንተ ስም መጠቀም ነበረብኝ።

ጠዋት ሐጂ ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ጓሮ ዞሩ። እዚያ፣ በቀኙ ድንጋይ አጠገብ፣ ገና እርጥብ የሆነ የበግ ቆዳ ዘርግቼ ነበር። አይተውት፣ እኔን ሳይጠይቁኝ ሄዱ። ሰኞ መቐለ ላይ ጨው ተራ ውስጥ አስጠሩህ። አንተ ግን መልስ ከመስጠትህ በፊት ደወልክልኝ፤ ስልክ የሚይዝበት ቋጥኝ ላይ ወጥቼ አነሣሁት። ቅዳሜ ያበላኋቸው ከየት እንደመጣ ጠየቅኸኝ። ሐሙስ ያረድከው ጭን ነው አልኩህ። «እርግጠኛ ነህ ኣስሜ? መማል አለብኝ እኮ» አልክ። «እርግጠኛ ነኝ፣ ማል» አልኩህ።

ማል አልኩህ። ይህን ቃል ለመጻፍ እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ አነሣሁት።

አንተም በአላህ ስም ማልክ። ሐጂም በሰው ፊት፣ ሐሙስ የታረደ በግ ቆዳው ለእሑድ ጠዋት እንዴት ይረጥባል ብለው ጠየቁህ። ይህን ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። በሐሰት የማለ ሰው ሆንክ፤ የግራው ምድጃ ዋስ በሐሰት ማለ ተባለ። በግንቦት ወደ ወሎ ዕቃህን ስትጭን አንድም ቃል አልጠየቅኸኝም። ባለ አረንጓዴ ክሩን ቢላ የግራው ምድጃ ላይ አኑረህ ሄድክ። አሥር ዓመት ያን ቢላ ሳይ፣ ዐውቀህ ነው የተውከው ወይስ ረስተኸው እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ኖርኩ። ዐውቀህ ከሆነ፣ ሳትጋፈጠኝ መሄድህ ከጥፊ በላይ ነው። ሳታውቅ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ አምነኸኝ ሄድክ ማለት ነው። የትኛው እንደሚሻለኝ ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሙስሊም መንገደኛ በበረዶ እየተመታ በራችንን አልፎ ይሄድ ጀመር። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ በመጀመሪያው ወር በልቤ ውስጥ ትንሽ ደስ ያለው ሰው ነበረኝ። አሁን ማን ስም ይጠራ ይሆን ይል ነበር ያ ሰው። ለካ ምንም ስም የሚጠራ አልነበረም። ክርስቲያኖቹም ቀነሱ፤ አንድ ምድጃ የጠፋበት ቤት ለሁሉም ይበርዳል።

ኣስካል ከመቐለ ተመልሳ ድስቶቹን ስታጥብ ነው ያወቀችው። የግራውን ድስት በቀኙ ማማሰያ እንደነካሁት ከሽታው ለየችው። ድስቱን ደግማ አጥባ ወደ ግራው መለሰችው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ቤቱ በሩም፣ ጣራውም፣ አልጋዎቹም ሄዱ፤ ማን እንደወሰዳቸው አልጠየቅሁም። እኛ ወደ ሓድነት ወርደን ከትምኒት ጋር በአንዲት ክፍል ተጠጋን። ኣስካል በ2014 መድኃኒት በጠፋበት ክረምት ዐረፈች። ከማረፏ ሁለት ቀን በፊት አጠገቧ አስጠግታ «ያን በር ሁለቱንም ምድጃ ሳታነድ እንዳትከፍተው» አለችኝ። ሰባት ዓመት ዝም ብላ ይዛው ኖራ በአንዲት ቃል ጨረሰችው።

ወደ ንስሐ አባቴ ወደ ቀሺ ረዘነ ሄድኩ። ነገርኳቸው። አርባ ቀን ስግደት ሰጡኝ፤ ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ፤ ጨረስኩ። ሄጄ ስግደቱ እንዳለቀ፣ ነገሩ ግን እንዳላለቀ ነገርኳቸው። እሳቸውም ጋቢያቸውን እያስተካከሉ «እግዚአብሔር ሰምቶሃል ልጄ፤ እሱማ ቀድሞም ያውቃል። ያልሰሙት ጨው ተራ ያሉት ናቸው» አሉኝ። እኔ ሌላ አርባ ቀን ስግደት ቢጨምሩልኝ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ ነው ቤቱን ማደስ የጀመርነው። አየህ፣ መናገሩን ፈርቼ ወደ ድንጋዩ ሸሸሁ። ዕድሜዬ ስልሳ ሁለት ነው፤ ያቆምኩትን ግድግዳ ብታየው ታፍርብኛለህ። የሜዳው ሰዎች ወረዱ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከየፈረሰ አጥሩ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። ቆርቆሮው በግመል ወጣ፤ ንፋሱ አንዱን ቆርቆሮ ከግመሉ ላይ ነጥቆ ገደል ሰደደው፤ ግመሏም ደንግጣ እሱን ተከትላ ልትሄድ ምንም አልቀራት። ትምኒት ቅዳሜና እሑድ ከተማሪዎቿ ወላጆች ጋር እየወጣች ጭቃ አቦካች። ጉበንህ ግን አልወደቀም ሓወይ። በሩ ተነቅሎ፣ ግድግዳው ግራና ቀኝ ፈርሶ፣ እሱ ብቻ እንደተዘረጋ ነበር። ባዶውን ቆሞ ያየኝ ነበር።

ሁሉም ሲያልቅ የግራው ማድቤት ቀረ። ሰው ሁሉ በአንድ ምድጃ እንድከፍት መከረኝ። ትምኒት እንኳን «ኣቦይ፣ ለጊዜው በቀኙ ጀምር፣ የሚቀየምህ የለም» አለችኝ። ሁለት ወር ያህል ልሰማቸው ከጅሎኝ ነበር። ማንም አይጠይቀኝም፤ የማያውቁ እንግዶች ይመጣሉ፤ የድሮው ነገር ከድሮዎቹ ጋር ያልቃል። ግን የግራው ምድጃ እንደገና እንዲነድ፣ ዋሱ የነበረው ሰው ስም መመለስ ነበረበት። ስምህ ሳይመለስ ማን ሙስሊም በዚያ በር ይገባል? እንዳይገባ ያደረግኩትስ እኔ አይደለሁም?

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ፣ ቢላህን በነጠላዬ ጠቅልዬ ከሓድነት በሚኒባስ ወደ ገበያ ወረድኩ። ረዳቱ ነጠላውን አይቶ ሙዝ መስሎት «አባት፣ ለእኔም አንዷን» አለኝ። ጨው ተራ እንደ ድሮው ነው፤ የጨው ሰሌዳው ተደርድሯል፣ ሐጂ አብዱልጀሊል ከጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዐይናቸው ደክሟል፤ አንደበታቸው ግን እንደነበረ ነው። ዙሪያቸውን ከአሥር የማያንሱ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ከእነሱ ውስጥ አራቱ ያን ቀን ከበረዶው የወጡት ናቸው።

ቀሚሳቸውን ይዤ ጫማቸው አጠገብ ተንበረከክሁ። ማን እንደሆንኩ ጠየቁ። የጎልጎል ንፋሱ ኣስመላሽ ነኝ አልኳቸው።

«ሞተ ሲሉኝ ነበር እኮ» አሉ።

«አልሞትኩም፣ ሐጂ። ብሞት ኖሮ የማልነግርዎት ነገር ነበር» አልኩና ነጠላውን ፈታሁ። አረንጓዴው ክር ወደ ግራጫ ዞሯል፤ ቢሆንም ዐወቁት። «ያን ቅዳሜ በዚህ ቢላ የታረደ በግ የለም። በእኔ ቢላ፣ በእኔ እጅ ነው የታረደው። አብዱልወዱድ አላወቀም። ሲምል እውነት መስሎት ነው የማለው፤ ማል ያልኩት እኔ ነኝ። በሐሰት የማለ ሰው የለም፤ በሐሰት ያስማለ ሰው ነው ያለው፤ እሱም ይኸው።»

ከነጋዴዎቹ አንዱ ተነሥቶ በጆሮዬ የማይጻፍ ነገር አለኝ። ልክ ነበር። ሐጂ በእጃቸው ምልክት አስቀመጡት። ቢላውን ተቀብለው ክሩን በጣታቸው ብዙ ዳበሱት። እኔ ተንበርክኬ ነበርኩ፤ ጉልበቴ ጨው ላይ ነው።

በመጨረሻ «ስማ» አሉኝ። «ሳናውቅ የበላነውን አላህ ይቅር ብሎናል። አንተ ግን እያወቅህ የበላኸው የሰውየውን ስም ነው።»

«አዎ ሐጂ።»

«እኔም አብሬህ በላሁ። ያን ጠዋት ቆዳውን አየሁ፤ የቆዳውን ባለቤት ዞሬ አላየሁም። አንተን ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር። ቤትህ አድሬ ስላፈርኩ ከአንተ አልፌ እሱን ያዝኩት።» ከዚያ እንደ ድሮው ፈገግ አሉ። «አብሽር፣ ተነሣ። ጨው ላይ የተንበረከከ ሥጋ ይደርቃል።»

ሓወይ፣ ሳቅ ተራውን ሞላው። አሥር ዓመት ያልሰማሁት ሳቅ ነው። ከዚያ ሐጂ ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለተራው ሁሉ ተናገሩ፦ «አብዱልወዱድ ንጹሕ ነው። ሰምታችኋል? ያኔ በዚህ ተራ የተባለው ሁሉ ከዚህ ተራ ይነሣ።» አንዱ ለሌላው፣ ያኛው ለወዲያኛው እያለ ስምህ በጨው ተራ ከዳር እስከ ዳር ሲሄድ ሰማሁት። ከጆንያ ሥር ዐይናቸውን እያበሱ የወጡ ሰዎች አሉ። እኔ አላለቀስኩም፤ ተነሥቼ ጉልበቴ ላይ የተጣበቀውን ጨው አራገፍኩ።

ለቅዳሜ መክፈቻው ማን እንደሚያርድ ስጠይቃቸው «ዋሱ እስኪመጣ እኔ ወኪሉ ነኝ» አሉ። ሰማንያ ሊሆናቸው ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው፤ የጨው መኪና ላይ ተሳፍረው ወጡ። ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ፣ በግራው ድንጋይ ላይ፣ በቢላህ፣ በራሳቸው እጅ «ቢስሚላህ» ብለው አረዱ። እኔ በቀኙ አረድኩ። የእርጥብ እንጨቱ ጭስ ከሁለቱም ማድቤት ወጥቶ ከጣራው በላይ ሲቀላቀል፣ የሜዳው ሴቶች እልል አሉ። ቀሺ ረዘነ ጸሎት አደረሱ፤ ሐጂ ዱዓ አደረጉ፤ ማን ይቅደም በሚለው ግን ሩብ ሰዓት ያህል ተገፋፉ፣ እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ እየተባባሉ። ወጡ ሊቀዘቅዝ ሲል ትምኒት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያድርሱ ብላ ዳኘቻቸው።

አርባ አንድ እንግዳ ነበር። ገና ሳንጨርስ በረዶ ወረደ፣ እንደዚያ ቀን። ከበረዶው ውስጥ ጨው የጫኑ ሦስት ሰዎች ግመሎቻቸውን እየጎተቱ ብቅ አሉ። ስለ መክፈቻው የሰሙት ነገር የለም፤ ጭሱን አይተው ነው የመጡት። በሩ ላይ ቆመው ማን እንዳረደው ጠየቁ። አርባ አንድ ሰው ወደ እኔ ዞረ። እኔም ጮክ ብዬ «በግራ በአብዱልወዱድ ቢላ፣ በሐጂ አብዱልጀሊል እጅ። በቀኝ በእኔ» አልኩ። እውነቱን መናገር እንደዚያ ቀላል ነገር መሆኑን ማን ዐወቀው? ገቡ፣ ተቀመጡ፣ በሉ። ኣስካል ብታይ ኖሮ ድስቱን ደግማ ትጨምርላቸው ነበር። መቃብሯ ላይ ሄጄ ነግሬያታለሁ፤ ሁለቱም ነዷል አልኳት።

ሲመሽ ሳይሆን ገና ፀሐይ ሳለች፣ ሰው ሁሉ ሲያየኝ፣ መሰላል አቆምኩ። መሮና መዶሻ ከጎረቤት ተውሼ ነበር። ሐጂ ከታች ሆነው ምን ልሠራ እንደሆነ ጠየቁኝ። የቆየ ሥራ አለብኝ አልኳቸው። ያን ቀን አንዲት ፊደል ብቻ ወጣችልኝ። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ሠራሁ። እኔ ግንበኛ አይደለሁም፤ ድንጋዩ አንተ እንዳለሰለስከው ነው፣ እጄ ግን የመጋዘን ጠባቂ እጅ ነው። አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ መታሁት። «ወ»ዋ ሆዷ ወደ አንድ ጎን ተንጋዳለች፤ የመጀመሪያዋ «ዱ» ከሁለተኛዋ ትበልጣለች። መጥተህ እስክትስቅብኝ እንዲሁ ይቆያሉ፤ መጥተህም እንድታቃናቸው አልፈቅድም።

ይህን ደብዳቤ ነገ ሐጂ ወደ ደሴ በሚወርደው የጨው መኪና ራሳቸው ይዘውልህ ይመጣሉ። ከእኔ አፍ ብቻ እንዳይሆን የተራውን ቃል በአፋቸው ይነግሩሃል። ና ብዬ አልለምንህም፤ ያን የማለት መብት የለኝም። የምነግርህ ይህን ብቻ ነው፦ ቢላህ በሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ጁዋይሪያ የለየቻቸው ድስቶች የተረፉት ታጥበው በግራ ተደርድረዋል፣ ለረምላ የሚሆን አንድ አልጋ ከመስኮቱ ሥር አለ፤ በጠራ ቀን እስከ ቆላው ያሳያል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዋን ፊደል ጨርሼ ከመሰላሉ ወረድኩ። ወደ ኋላ ሃያ እርምጃ ያህል ሄጄ፣ መንገደኛ ከሩቅ እንደሚያየው አየሁት። አሥራ አንድ ፊደል ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ባዶ የኖረው ድንጋይ ላይ፣ በገዛ እጄ «እነ አብዱልወዱድ ቤት» ብዬ ቀርጬዋለሁ።

የቀኙ ምድጃ ዋስ፣
ኣስመላሽ